አዲሱ ፒክአፕ ከተጠበቀው በላይ ናፍጣ የሚፈጀው ለምንድን ነው?

አሮጌ ፒክአፑን ሸጦ አዲስ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የነዳጅ ወጪው እንደሚቀንስለት ተስፋ ያደርጋል። ሞተሩ ዘመናዊ ነው፤ ሻጩም "ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር" የሚል ወረቀት አሳይቶታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ማደያ ላይ የሚከፍለው ሒሳብ 11፣ አንዳንዴም 12 ሊትር መሆኑን ይነግረዋል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ100 ኪሎ ሜትር 3 ሊትር ትርፍ የሚወስድ መኪና በዓመት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 600 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ ይፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ኢትዮጵያ ውስጥ በወጣው ተመን አንድ ሊትር ነጭ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ነበር። በዚያ ዋጋ ቢሰላ ትርፉ ብቻ ከ59 ሺህ ብር በላይ ይሆናል።

ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞተሩን ነው። መኪናው ጋራዥ ይገባል፣ ኢንጀክተሩ ይፈታል፣ ገንዘብ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው መኪናው የተነጻጸረበት ቁጥር ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት መጣ?

አምራቾች የሚያወጡት የፍጆታ መጠን የሚለካው በቤተ ሙከራ፣ ጎማው በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ ነው። አውሮፓ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመችበት የቀድሞው ፈተና 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ፣ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍንና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ነበር። በአውሮፓውያኑ 2017 መተግበር የጀመረው አዲሱ ፈተና 30 ደቂቃና 23 ኪሎ ሜትር ይፈጃል። ከቀድሞው ይልቅ ለእውነታው ይቀርባል፤ ሆኖም በሁለቱም ፈተናዎች የአየር ማቀዝቀዣው አይከፈትም፣ ዳገትም ሆነ ፒስታ መንገድ የለም።

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ይፋ ያደረገው ዘገባ ክፍተቱን በግልጽ ያሳያል። መኪኖቹ ውስጥ ከተገጠሙ የነዳጅ መቆጣጠሪያዎች በተሰበሰበው መረጃ መሠረት፣ በ2021 የተመዘገቡ የናፍጣ መኪኖች በመንገድ ላይ የሚያወጡት የካርቦን ልቀት በአዲሱ ፈተና ከተገኘው በ18 በመቶ ገደማ፣ የቤንዚኖቹ ደግሞ በ24 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ልቀቱ ከተቃጠለው ነዳጅ ጋር አብሮ ስለሚሄድ የፍጆታውም ክፍተት ይኸው ነው። ይህ የተለካው በአብዛኛው ጥሩ አስፋልት ባለበት አህጉር፣ የቤት መኪኖች ላይ ነው። በወረቀቱ 8 ሊትር የተባለለት ፒክአፕ ገና ጭነት ሳይጫንበት ወደ 9 ተኩል ቢጠጋ ሊያስደንቅ አይገባም።

ፒክአፑ ራሱም ተለውጧል። በ1990ዎቹ በአካባቢያችን በብዛት ይታይ የነበረው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሃይሉክስ ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከ2020 ወዲህ የተሠራው ባለ 2.8 ሊትር ሃይሉክስ ደግሞ እስከ 204 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ደብል ጋቢናው፣ የአየር ከረጢቶቹ፣ የጠነከረው ሻንሲ ተደማምረው የመኪናውን ክብደት ከ2 ቶን በላይ አድርሰውታል። ለተመሳሳይ ሥራ አዲሱ ሞተር ከአሮጌው የተሻለ ቆጣቢ ነው፤ ነገር ግን ተመሳሳይ ሥራ አይሰጠውም። አሮጌው በ70 እያቃሰተ ይወጣው የነበረውን መንገድ አዲሱ በ110 ይበረዋል። የአየር ግፊያ ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ከተጨመረ ነገሩ ይብሳል።

ጥቀርሻን በናፍጣ ማቃጠል

ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት ሌላ ምክንያት የተደበቀው ጭስ ማውጫው ውስጥ ነው። ለአውሮፓ፣ ለአውስትራሊያና ለመሰል ገበያዎች የሚሠሩ የቅርብ ዓመታት የናፍጣ መኪኖች ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው። ማጣሪያው ሲሞላ የመኪናው ኮምፒውተር ተጨማሪ ናፍጣ ይረጫል። ይህ ናፍጣ መኪናውን አይገፋም፤ ሥራው የጭስ ማውጫውን ሙቀት ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አድርሶ የተጠራቀመውን ጥቀርሻ ማቃጠል ነው።

ጽዳቱ እስኪጠናቀቅ በርከት ያሉ ደቂቃዎች ያልተቋረጠ ጉዞ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ መጨናነቅ መሀል፣ አሥር ደቂቃ ተነድቶ የሚጠፋ መኪና ይህን ዕድል አያገኝም። ጽዳቱ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀመራል፣ እንደገና ይቋረጣል፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ናፍጣ ይባክናል። ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ደግሞ የጭስ ማጽጃ ክፍሎቹን ሥራ ይበልጥ ያከብደዋል።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የአሽከርካሪው ወይም የከተማው ነው ማለት ግን አይደለም። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2022 በሰጠው ውሳኔ፣ ከ2015 እስከ 2020 እዚያ የተሸጡ ከ260 ሺህ በላይ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር መኪኖች የማጣሪያ ሥርዓታቸው ጉድለት እንደነበረበት ወስኗል። የሚገርመው ችግሩ የታየው በከተማ መጨናነቅ ሳይሆን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚደረግ ተከታታይ ጉዞ መሆኑ ነው። ከተጠቀሱት መዘዞች አንዱም የነዳጅ ፍጆታ መጨመር ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "የእኔ መኪና ማጣሪያ አለው ወይ?" የሚለው ነው። ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ፒክአፖች የላቸውም፤ ከአውሮፓ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት ግን አላቸው። አንዳንድ ጋራዦች ማጣሪያውን ቆርጦ ማውጣትን እንደ መፍትሔ ያቀርባሉ። ናፍጣው ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ጥቀርሻው ግን የሚወጣው ሰው ወደሚተነፍሰው አየር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን በ2012 አረጋግጧል።

ዳገቱስ?

ከፍታ ብቻውን ነዳጅ አይበላም፤ እንዲያውም የሳሳ አየር ግፊያው አነስተኛ ነው። የሚበላው መውጣቱ ነው። 2 ቶን ተኩል የሚመዝን የተጫነ ፒክአፕ ከዓባይ በረሃ ተነስቶ ወደ ደጀን 1 ሺህ ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 2 ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። ቁልቁለቱ ይህን አይመልስም፤ አብዛኛው ጉልበት በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይጠፋል።

ጋራዥ ከመሄድ በፊት መለካት ይሻላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ግምት ስለሆነ አይበቃም። ታንከሩን ሙሉ ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ ከተቻለ በዚያው ማደያ እንደገና እስኪሞላ መቅዳትና የተቀዳውን ሊትር ለተጓዘው ርቀት ማካፈል ነው። ይህን ሦስት አራት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። አዲስ ሞተር እስኪፍታታ ድረስ የመጀመሪያዎቹ 5 ሺህ እስከ 8 ሺህ ኪሎ ሜትሮች ፍጆታ ከፍ ሊል ስለሚችል ከዚያ በፊት መደምደም አይገባም።

ጎማ የቀየረ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ዙሪያው በ4 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመ መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆጣሪው 96 ብቻ ይመዘግባል። መኪናው ያልበላውን የበላ ያስመስለዋል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ቁጥሩ አሁንም ከወረቀቱ በ40 እና በ50 በመቶ ከበለጠ፣ ያን ጊዜ ለመካኒኩ የሚቀርብ እውነተኛ ጥያቄ አለ። ኢንጀክተር ከመፈታቱ በፊት ቀላሎቹ ይታዩ፦ የጎማ ንፋስ፣ የአየር ፊልተር፣ ሞተሩ በወጉ እንዳይሞቅ የሚያደርግ የተበላሸ ቴርሞስታት፣ እንዲሁም ተለቅቆም የሚይዝ ፍሬን። የመጨረሻውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ብዙ ፍሬን ሳይያዝ ከተነዳ በኋላ አራቱን ቸርኬዎች በጥንቃቄ በእጅ ቀረብ ብሎ ማነጻጸር ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጀው ናፍጣው የሚያልቅበት ጎማ ነው።