ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ለምታስቡ እኅቶች

ለአገር ቤት እኅትና ወንድም፣ ለልጅ ትምህርት፣ አንዳንዴም ለራሳችን መማሪያ ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት የተለመደ ሆኗል። ገንዘቡ የወራት ድካም ነው፤ ዕቃው አገር ቤት ከደረሰ በኋላም ለሻጩ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባውን በአጭሩ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ኮምፒዩተር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚነሣውና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተዳድረው ሥርዓተ ክወና ይባላል። አብዛኞቻችን የምናውቀው የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ነው። በነፃ የሚገኘው ሊኑክስም አለ፤ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት የእርሱ ዓይነቶች ናቸው። በስልካችን ያለው አንድሮይድም መሠረቱ ሊኑክስ ነው። ብዙዎቻችን «የትኛው ይሻላል?» ብለን እንጀምራለን። መቅደም ያለበት ግን «ይህ ዕቃ የትኛውን መሸከም ይችላል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ዊንዶውስ 10 ወይስ 11?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት እድሳት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒዩተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን ሌቦችና ቫይረሶች የሚገቡባቸው አዳዲስ ቀዳዳዎች አይደፈኑለትም። ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች የተሰጠው ተጨማሪ ጊዜም የተወሰነ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ዊንዶውስ 11 ሊሸጋገሩ የማይችሉ ላፕቶፖች ወደ ገበያ ቢወጡ አያስገርምም። ዋጋ ረክሶ ስታዩ ይህን አስቡ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩም በማይክሮሶፍት ከተፈቀዱት መሆን አለበት። የኢንቴል ኮር ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለው ነው። ትውልዱን ለማወቅ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። አይ5-7200ዩ 7ኛ ትውልድ ነው፤ አይፈቀድለትም። አይ5-8250ዩ 8ኛ ነው፤ ይፈቀድለታል። አይ5-10210ዩ ደግሞ 10ኛ ነው። «ኮር አይ7» የሚል ተለጣፊ ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም፤ 2ኛው ትውልድ አይ7 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ገደቡን በዘዴ አልፎ ዊንዶውስ 11ን በአሮጌ ዕቃ ላይ መጫንም ይቻላል። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ያምራል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ኮምፒዩተር እድሳት ለመስጠት ዋስትና አይገባም። ስለዚህ የዊንዶውሱን ስም ብቻ ሳይሆን የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጠይቁ።

ራምና ማከማቻ

ለዊንዶውስ 11 4 ጊጋባይት ራም መነሻ ነው እንጂ ምቹ አይደለም፤ ከተቻለ 8 ይሁን። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም። የተጫነው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ 8 ጊጋባይት ቢገባበትም መደበኛው ዊንዶውስ ከ4 በላይ አይጠቀምም፤ ባለ 64 ቢት መሆን አለበት። አሮጌ ላፕቶፕ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ በሚሽከረከረው ሀርድ ዲስክ ምክንያት ነው። እርሱን በኤስ ኤስ ዲ መቀየር ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ዕቃው አሮጌ ከሆነስ?

ሊኑክስ ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ማከማቻ ይበቃዋል፤ በ4 ጊጋባይት ራም ደግሞ ደህና ይሠራል። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ እድሳቱም በነፃ ነው። በፍላሽ ተጭኖ፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ሳይነካ መሞከርም ይቻላል። ኢንተርኔት ለመክፈት፣ ቪዲዮ ለማየት፣ በሊብሬኦፊስ ደብዳቤና ሠንጠረዥ ለመሥራት በቂ ነው። አማርኛም ይጻፍበታል። በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት የቆዩ ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ግን ፊደሉ ሊዘበራረቅ ይችላል።

ዋናው ችግር ትምህርቱ ላይ ነው። አገር ቤት በሂሳብ አያያዝ ሥልጠና የታወቀው ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ለንድፍ የሚያገለግለው አውቶካድም ለሊኑክስ አልተዘጋጀም። ወንድማችሁ አካውንቲንግ የሚማር ከሆነ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ብትልኩለት ለክፍሉ ሥራ ይቸገራል። ለታናሽ እኅት ማንበቢያና መጻፊያ ከሆነ ግን ጥሩ አገልግሎት ይሰጣታል።

ሱቅ ውስጥ ስትደርሱ

ላፕቶፑን አጥፍታችሁ እንደገና አስነሡት፤ ለመነሣት የሚፈጅበትን ጊዜ ተመልከቱ። «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ክፈቱ። የፕሮሰሰሩ ቁጥር፣ የራሙ መጠን፣ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑ እዚያ ተጽፏል። በስልካችሁ ፎቶ አንሡትና የሚያውቅ ሰው አሳዩ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይም እዩ። ሻጩ ይህን ሁሉ እንድታዩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አገር ቤት ደውላችሁ «ምን ልትሠራበት ነው? ትምህርት ቤቱ የትኛውን ፕሮግራም ይጠይቃል?» በሉ። መልሱን ስታውቁ የሚያስፈልገው ሥርዓተ ክወና ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ እርሱን መሸከም የሚችል ዕቃ ብቻ ፈልጉ።