ቁጥሩ 60 ይላል፤ ጌሙ ግን ይቆራረጣል

በስክሪኑ ጥግ ያለው ቁጥር 60 ይላል። ኳሱ ከመሐል ወደ ክንፍ ሲሻገር ግን ተጫዋቹ ለቅጽበት ድርቅ ይላል፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ባለቤቱ «ስታክ ያደርጋል» ብሎ ላፕቶፑን ወደ ጠጋኝ ይወስዳል። ጠጋኙ «ፎርማት እናድርገው» ይላል። ፎርማት ተደርጎ ሲመለስም ያው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ምክር «ይሄ ለጌም አይሆንም፣ ሌላ ግዛ» የሚል ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ከባድ ብር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ነገር ሳይጠየቅ። የሚዘገየው ማን ነው? መቼስ ነው የሚዘገየው?

ስክሪን ላይ የሚሮጥ የሚመስለን ተጫዋች የቆሙ ሥዕሎች ተከታትለው ሲታዩ የሚፈጠር ነው። አንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። ተራ ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ፍሬም አዘጋጅቶ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ ፕሮሰሰሩ ኳሱ ወዴት እንደሚነጥር፣ 22ቱ ተጫዋቾች ወዴት እንደሚሮጡ ያሰላል፤ ግራፊክሱ ደግሞ ሣሩን፣ ማልያውንና ጥላውን ይስላል። አሁን እንዲህ እናስላ፦ 60 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው በ15 ሚሊ ሰከንድ አለቁ፤ አንዱ ግን ተሰናክሎ 100 ሚሊ ሰከንድ ፈጀ። ድምሩ ልክ አንድ ሰከንድ ነው። በሰከንድ የቀረቡትን ፍሬሞች የሚቆጥረው የጥጉ ቁጥር 61 ብሎ ይጽፋል፤ ዓይናችን የያዘው ግን ያንን አንድ የደረቀ ፍሬም ነው። ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ አውቶቡስ በየ10 ደቂቃው ቢመጣም፣ 50 ደቂቃ አስጠብቆ 6ቱ ተከታትለው ቢደርሱም፣ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ያው «በሰዓት 6» ነው።

የጌም ዕቃ የሚፈትሹ ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ የሚያወዳድሩት በዚሁ አማካይ ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 «ቴክ ሪፖርት» የተባለው የኮምፒውተር ድረ ገጽ አዘጋጅ ስኮት ዋሰን ሰከንዱን ከፍቶ እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀውን ጊዜ ለየብቻ እያሳየ መጻፍ ጀመረ። በአማካይ እኩል የሚመስሉ የግራፊክስ ካርዶች ሲጫወቱባቸው ለምን እንደሚለያዩ ያን ጊዜ በግራፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዛሬ «ካፕፍሬምኤክስ» እና «ሪቫቲዩነር» የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ያንኑ መስመር ጌሙ ላይ ያሳዩናል። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ጌሙ ልስልስ ነው። ድንገት ሽቅብ የሚዘል ጫፍ ካለ፣ ጫፉ በታየበት ቅጽበት ምን እያደረጋችሁ እንደነበር አስተውሉ፤ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ኦንላይን ስትጫወቱ ተቀናቃኛችሁ ወደ ኋላ ተጎትቶ ቢመለስ፣ ተኩሳችሁም ዘግይቶ ቢመዘገብ፣ ያ የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ብቻችሁን ስትጫወቱም የሚደርቅ ከሆነ ግን ችግሩ እዚሁ ማሽኑ ውስጥ ነው። እዚህ የምናየው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ለምሳሌም ብዙ ሰው እጅ ያለውን ዓይነት እንያዝ፦ ከውጭ የገባ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ 5 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው፣ ሃርድ ዲስኩም የድሮው ተሽከርካሪ።

መኪና አፍጥናችሁ ስትነዱ ወይም አዲስ ሰፈር ስትገቡ ብቻ የሚደርቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሃርድ ዲስኩ ነው። ጂቲኤ 5ን የመሰለ ጌም ከተማውን በሙሉ ራም ላይ አያስቀምጥም። በነዳችሁ ቁጥር የሚቀጥለውን መንገድ ከዲስክ እያነበበ ያመጣል፤ ከኋላ የቀረውን ይጥላል። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንድ ዙሩ 11 ሚሊ ሰከንድ ነው። የሚፈለገው መረጃ ማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ የማንበቢያው ክንድ ወደ ትክክለኛው ቦታ ለመሄድ ደግሞ ሌላ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። አንዲት ንባብ ብቻዋን የአንድ ፍሬም ጊዜ ያህል በላች ማለት ነው፤ ጌሙ ደግሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በደንብ የተሠራ ጌም መንገዱን ቀድሞ ለማምጣት ይሞክራል፤ ዲስኩ ካልደረሰለት ግን ወይ ይቆማል፣ ወይ ሕንፃዎቹ ሳይሳሉ መኪናው ይደርሳል።

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም። ለዚያው ጥያቄ የሚፈጅበት ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው። አማካይ ቁጥሩን ግን ከፍ አያደርገውም፤ አንዳንዶች «ኤስኤስዲ ለጌም ለውጥ የለውም» የሚሉትም የጥጉን ቁጥር ብቻ እያዩ ነው። እኔ ግን በእጄ ያለው ብር ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ ያለማመንታት እዚህ ላይ አውለዋለሁ። በሃርድ ዲስኩ ቦታ ልክ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንቹ ተራ ሳታ ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ለዚህ ሥራ ውዱን መግዛት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ያለው ራም ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሚደባለቁ ትንሽ ቆም እንበል። የመጀመሪያው መጠኑ ነው። ዊንዶውስ የራሱን ይወስዳል፤ ከኋላ የተረሳው ክሮም የራሱን ይወስዳል፤ ራሱን የቻለ ካርድ የሌለው ግራፊክስ ደግሞ የግሉ ራም ስለሌለው ከዚያችው 8 ጊጋ ላይ ይበደራል። ሲሞላ ዊንዶውስ የተወሰነውን ወደ ዲስክ ያሸሻል፤ ያ ዲስክ ተሽከርካሪው ከሆነ ደግሞ ወደ ላይኛው ችግር ተመለስን። ሁለተኛው ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ የመንገዱ ስፋት። በ2400 ፍጥነት የሚሠራ አንድ ፍሬ ዲዲአር 4 ራም በሰከንድ ቢበዛ 19.2 ጊጋ ባይት ያስተላልፋል። ሁለት ፍሬ ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ስለሚጠቀም 38.4 ይሆናል። ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ አይታወቅም። ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ በአንድ መንገድ ለሚሻሙበት ለእንዲህ ዓይነቱ ላፕቶፕ ግን ልዩነቱ ጌሙ ውስጥ በዓይን ይታያል። የቢሮ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ የሚመጡት 8 ጊጋውን በአንድ ፍሬ ይዘው፣ ሌላውን ስሎት ባዶ ትተው ነው። ታስክ ማናጀርን ከፍታችሁ የሜሞሪን ገጽ ብታዩ ከስንት ስሎት ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። ባዶ ካለ፣ ተመሳሳይ ባለ 8 ጊጋ መጨመር ሁለቱንም ችግር አንድ ላይ ይፈታል። ዲዲአር 3 ዲዲአር 4 ስሎት ላይ ስለማይገባ፣ አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይም ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ፣ የእናንተን ግን ሳትከፍሉ በፊት አረጋግጡ።

ሲጀመር ደህና ሆኖ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ መቆራረጥ የሚጀምር ጌም ሌላ ነገር እየነገረን ነው፤ ሙቀት። ምሳሌ ያደረግነው ፕሮሰሰር፣ አይ 5-8250ዩ፣ ሲችል 3.4 ጊጋኸርዝ ድረስ ይሮጣል፤ ኢንቴል በቋሚነት የሚያረጋግጥለት ግን 1.6 ብቻ ነው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ትንሽ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጨምራል፣ እንደገና ይቀንሳል። ይህ መውጣትና መውረድ ስክሪን ላይ የሚታየው እንደ መቆራረጥ ነው። የበጋው አቧራ ፋኑ ፊት ያለውን የብረት ክንፍ እንደ ድሪቶ ደርቦ ይሸፍነዋል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ፔስት ደግሞ ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ለደጋ ሰው የሚጨመር ነገርም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ በዚያው ዙር ልክ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ጽዳት ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ጠጋኙን «ፎርማት» ከማለት ይልቅ «ፋኑን አጽዳልኝ፣ ፔስቱን ቀይርልኝ» በሉት። ራሳችሁ የምታጸዱ ከሆነ አየር ስትነፉ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ያዙት። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መጫወትም ይቅር፤ አየር የሚስበው በሆዱ በኩል ነው።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ መጫወት የለመደ ሰውም ይህን ይወቅ፤ አብዛኛው ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ራሱን ያዘገያል። የባሰው ደግሞ ቻርጀሩ ነው። አንዳንድ ላፕቶፖች የተሰካውን ቻርጀር ካላወቁት፣ ወይም ዋቱ ካነሰባቸው፣ ፕሮሰሰሩን ከ1 ጊጋኸርዝ በታች አስረው ያስቀምጡታል። የተቀየረ ቻርጀር የምትጠቀሙ ከሆነ ጌሙ ክፍት እያለ በታስክ ማናጀር የፕሮሰሰሩን (ሲፒዩ) ፍጥነት ተመልከቱ። 0.8 አካባቢ ላይ ተቸንክሮ ካገኛችሁት፣ ያስቸገራችሁ ነገር የሚፈታው በአንድ ትክክለኛ ቻርጀር ነው።

ያለ ምንም ወጪ የሚሠራውና እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው መፍትሔ ግን ፍሬሙን መገደብ ነው። ለብዙ ሰው ይህ ተቃራኒ ይመስላል፤ ጌሙ 45 መሥራት እየቻለ ለምን 30 ላይ እናስረዋለን? ስክሪኑ በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ነው የሚታደሰው። 45 ፍሬም በሰከንድ ማለት በየ22 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ማለት ስለሆነ ከስክሪኑ እርምጃ ጋር አይገጥምም፤ አንዳንዱ ሥዕል ለአንድ እድሳት፣ ሌላው ለሁለት እድሳት ይቆያል። እንቅስቃሴው ያነክሳል። 30 ላይ ሲታሰር እያንዳንዱ ሥዕል በትክክል ሁለት እድሳት ይቆያል፤ ቁጥሩ አንሶ ጌሙ ይለሰልሳል። ሌላም ትርፍ አለው። በዚህ ላፕቶፕ ላይ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ የሚካፈሉት ያችኑ 15 ዋት ነው። ፍሬሙ ሲገደብ ሁለቱም ትንፋሽ ያገኛሉ፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ከባድ ትዕይንት ሲመጣም የሚጨመር ኃይል ይተርፋል። ከዚህ ጋር ሬዞሉሽኑን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ብታወርዱ ግራፊክሱ የሚስላቸው ነጥቦች ከግማሽ በታች ይሆናሉ። ጥላውን ቀንሱ። ሜዳውን የሞላው ተመልካች ወይም የመንገዱ ትራፊክ ብዛት ግን የሚከብደው ፕሮሰሰሩን ስለሆነ፣ ሬዞሉሽን ብታወርዱም አይቀልም፤ ለብቻው መቀነስ አለበት።

በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ብቻ ብቅ የሚል መቆራረጥ ከሆነ፣ ከኋላ የሚሠራ ነገር ፈልጉ፤ የዊንዶውስ አፕዴት፣ የአንቲቫይረስ ፍተሻ፣ የዊንዶውስ የጌም ቪዲዮ መቅጃ። «ራም ያፋጥናል» የሚሉትን ፕሮግራሞችም አትጫኑ፤ እነሱም ከኋላ የሚሠሩ ናቸው።

ገንዘብ የማይፈታው አንድ ዓይነትም አለ። አዳዲስ ጌሞች ብርሃንን፣ ጭስንና እሳትን የሚስሉበትን ትንንሽ ፕሮግራም፣ ሼደር የሚባለውን፣ በእናንተ ግራፊክስ ቋንቋ እንዲሆን እዚያው ማሽናችሁ ላይ ያዘጋጃሉ። ይህ ሥራ ጨዋታ መሐል ላይ ከመጣ፣ አንድ ፍንዳታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ጌሙ ይደርቃል፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን አይደርቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡት ኤልደን ሪንግ እና ካሊስቶ ፕሮቶኮል በውድ ኮምፒውተሮች ላይ ሳይቀር በመቆራረጥ የተወቀሱ ናቸው፤ በካሊስቶ ፕሮቶኮል ዋናው ምክንያት ይኸው ነበር። የተዘጋጀው ሼደር ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ቦታ ለማስለቀቅ በየሳምንቱ የሚያጸዳ ሰው፣ በዊንዶውስ የዲስክ ማጽጃ ዝርዝር ውስጥ የዳይሬክትኤክስ ሼደር ካሽ የሚለውንም ምልክት አድርጎ ከሆነ፣ ያለቀውን ሥራ ራሱ እያፈረሰው ነው።

ላፕቶፕ ሳይሆን ትንሿን የቢሮ ዴስክቶፕ ለያዘ ሰው ካርድ መጨመር ይቻላል፤ ከፓወር ሳፕላዩ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውና አጭር ሆኖ የሚሠራው ጂቲ 1030 ለዚህ ተብሎ ብዙ ይሸጣል። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ካርዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው በጂዲዲአር 5 ራም በሰከንድ 48 ጊጋ ባይት ያስተላልፋል። በ2018 የመጣው ግን በተራ ዲዲአር 4 ነው፤ 16.8 ብቻ፣ ቅድም ካየነው ከአንዱ ፍሬ ራም እንኳ ያነሰ። መልካቸው ይመሳሰላል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የራም ዓይነት አንብቡ፤ ካርቶን ከሌለው ሻጩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክቶ፣ «ጂፒዩ-ዚ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ፣ የሜሞሪውን ዓይነት ካሳያችሁ በኋላ ክፈሉ።