የሕዝብ መዝገብ ለሕዝብ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ምሳሌ እውነተኛ ነው። ነገር ግን በጽሑፍ ያለ ነገር የሚወረሰው ባለጉዳዩ ጽሑፉን ለማየት የቻለ እንደ ሆነ ነው። በሣጥን ተቈልፎ የሚኖር መዝገብ ከተረሳ ቃል በምን ይሻላል?

የቀድሞ አባቶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ተጽፎ በቤተ ክርስቲያን ይጠበቅ ነበር፤ በጎንደር ዘመንም የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ ሳይቀር ከነምስክሮቹ ስም በአድባራት መጻሕፍት ላይ ተመዝግቧል። ይህም የተደረገው ጽሑፉን ከሰው ዓይን ለመሰወር አይደለም፤ የሚፍቀው ሰው ውግዘቱን እንዲፈራና ክርክር በተነሣ ጊዜ ተገልጦ እንዲነበብ ነው እንጂ።

ዛሬ ይህ አደራ በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እጅ ይገኛል። የመሬት ይዞታ፥ የግብር፥ የልደት፥ የጋብቻና የሞት መዝገብ፥ የወረዳው የዓመት በጀትም ሳይቀር በዚያ ተጽፎ ይኖራል። ሕጉም ለማን እንደ ተጻፈ በግልጽ ተናግሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን አዝዟል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለውን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ወስኗል። በ2013 ዓ.ም. የአዋጁ የመገናኛ ብዙኃን ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238 ሲተካ እንኳ መረጃን የሚመለከተው ክፍል አልተሻረም።

መንገዱም አስቸጋሪ አይደለም። ጠያቂው የሚፈልገውን ለይቶ ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሹም በጽሑፍ ያመለክታል፤ መጻፍ የማይችል እንደ ሆነ በቃሉ ይናገራል፥ ሹሙም ይጽፍለታል። አዋጁ ለመልሱ የወሰነው ጊዜ ከ30 ቀን እንዳያልፍ ነው፤ ጊዜው የሚራዘመው በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። የተከለከለ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። በዚህ ቅር ቢለው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፥ ቀጥሎም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ለተቋቋመው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፥ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል።

እርግጥ ነው፥ ሁሉ ነገር ለሁሉ አይገለጥም። የሰው የግል ምሥጢር፥ የአገር መከላከያና ጸጥታ፥ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀልም ሊጠበቁ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን ምሥጢር የሚባለው ሕግ ምሥጢር ያለው ነው እንጂ ጸሐፊው ለማውጣት የሰለቸው መዝገብ አይደለም።

በድንበር ክርክር የተያዘ ገበሬ የይዞታውን ግልባጭ ለመውሰድ እርሻውን ጥሎ ወደ ወረዳ ሲሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፥ ነገ ተመለስ» የተባለ እንደ ሆነ፥ የባከነበት አንድ ቀን ብቻ አይደለም። የክርክሩ ቀጠሮ ይደርስበታል፤ ማስረጃውም በመደርደሪያ ላይ ሳለ ባዶ እጁን ከዳኛ ፊት ይቆማል። መዝገብ በተደበቀበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ «እኔ አስወጣልሃለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም፤ በነፃ የሚገባው ነገር በጉቦ ይሸጣል።

መገለጥ ለመዝገቡም ቢሆን ጥቅም አለው። በሁለተኛ ደረጃ የገጠር መሬት ምዝገባ ጊዜ የደብተሩ ማስረጃ ከመሰጠቱ በፊት ካርታውና የባለይዞታዎቹ ስም ለቀበሌው ሕዝብ በግልጥ እንዲታይ የሚደረገው ስለዚህ ነው። የተሳሳተውን ስምና ድንበር ቀያሹ ባያውቀው ባለመሬቱና ጎረቤቱ ያውቁታልና።

ስለዚህ ሹም ሁሉ የመዝገቡ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አለመሆኑን ማሰብ ይገባዋል። የሚፈለገውን ማስረጃ፥ የሚከፈለውን ዋጋና የሚሰጥበትን ቀን ጽፎ በደጁ ላይ ቢሰቅል ብዙ እንግልት ይቀራል። ካህናትም ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ምእመን መብቱን ቢያስረዱትና ማመልከቻውን ቢጽፉለት፥ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የሕዝቡን ርስት ይጽፉ የነበሩትን የአባቶቻቸውን ሥራ መቀጠላቸው ነው። አደራ የሚመሰገነው ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ሲመለስለት ነውና።