የዓይን ምስልና ፓርኪንሰን፦ ወሬው ያስቀረው

የዓይን ፎቶ ፓርኪንሰንን ሰባት ዓመት ቀድሞ ይናገራል የሚል ወሬ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ይህን አምኖ ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ ዓይን ክሊኒክ ሊሄድ ያሰበ ሰው ካለ፣ አስቀድሞ ጥናቱ ያለውን ይስማ።

ጥናቱስ እውነተኛ ነው። የለንደኑ ሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አሳትመውታል። ፓርኪንሰን እጅን እንደሚያንቀጠቅጥ፣ እንቅስቃሴን እንደሚያዘገይና ጡንቻን ግትር እንደሚያደርግ አንባቢ ስለሚያውቅ በቀጥታ ወደ ዓይን ልግባ።

በዓይናችን ውስጥ በስተጀርባ የተነጠፈው ሬቲና በፅንስነት ዘመን ከአንጎል የወጣ ሕብረ ሕዋስ ነው። በንብርብሮቹ መካከል ዶፓሚን የሚያመነጩ ሴሎች አሉ፤ ፓርኪንሰን ከአንጎል የሚያሟጥጠው ያንኑ ዶፓሚን ነው። ዓይን ከጨለማ ወደ ብርሃን ሲወጣ ራሱን የሚያስተካክለው፣ ግራጫን ከግራጫ የሚለየውም በዚሁ ዶፓሚን እርዳታ ነው። ብዙ ሕሙማን ደብዛዛ ነገር ከጀርባው ጋር የሚመሳሰልባቸው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ንብርብሮቹን የሚለካው መሣሪያ ኦሲቲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ሆነ። አልትራሳውንድ የድምፅን ማስተጋባት በጊዜ ይለካል። ብርሃን ግን እጅግ ስለሚፈጥን በዚያ መንገድ አይያዝም። ስለዚህ ጨረሩ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ዓይን፣ ሌላው ወደ መስታወት። ተመልሰው ሲገናኙ እርስ በርስ የሚደጋገፉት እኩል ርቀት የተጓዙት ብቻ ናቸው። ከዚህ በመነሳት እያንዳንዱ ንብርብር የቱ ጋ እንዳለ ይሰላል። ዓይን ሳይነካ፣ በሰከንዶች!

ለንደኖቹ ያገኙት ታዲያ ምንድን ነው? በሕሙማኑ ዘንድ አንደኛው ንብርብር በአማካይ 2 ማይክሮሜትር ያህል፣ ሌላው 1 ማይክሮሜትር ገደማ ሳስቶ ታየ። ሁለት ማይክሮሜትር የአንድ ቀይ የደም ሴል ስፋት ሩብ ያህል ነው። ሰባት ዓመት የተባለውም ከ67 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች መካከል ቆይተው ከታመሙት 53 ሰዎች የተገኘ አማካይ ነው።

አማካይ ደግሞ ስለ አንድ ሰው አይናገርም። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይረዝማሉ፤ ቁመት ብቻ ተነግሮን ግን ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም። ጤነኞች እርስ በርሳቸው ከ2 ማይክሮሜትር እጅግ በላይ ይለያያሉ። ግላኮማ፣ ከባድ የቅርብ እይታ፣ ስኳርና ዕድሜም ሬቲናን ያሳሳሉ። በሁለተኛው ንብርብር ላይ የጥናቶች ውጤት ይለያያል፤ መሳሳቱ ከበሽታው መባባስ ጋር እኩል መሄዱም ገና አከራካሪ ነው።

እንደ እኔ ኦሲቲ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው በምርምር ነው፤ ከማሽተት መቀነስና ከእንቅልፍ መታወክ ምልክቶች ጋር ተዳምሮ አዳዲስ መድኃኒቶችን ለመፈተን። አንባቢ ሆይ፣ ኦሲቲ ለግላኮማ ወይም ለስኳር ከታዘዘልዎ ያለ ማመንታት ይነሱት። እጅዎ እረፍት ላይ ሳለ ከተንቀጠቀጠ ወይም እርምጃዎ ከዘገየ ግን የዓይን ፎቶ አይጠብቁ፤ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።