መርፌው 60 ሲል መኪናው 80 ይሄዳል፤ ለምን?



ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደውን መንገድ የማያውቅ በመካከላችን ጥቂት ነው። ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። እስከ ደጋው ጫፍ ድረስ ሜዳና ተረተር እያፈራረቀ ይወስዳል፤ ከጫፉ በኋላ ግን አገሩ ተቆርጦ የወደቀ ይመስላል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲሆንማ ቁልቁለቱ የለየለት ነው። በዚህ ዓይነት መንገድ ላይ ሾፌሩ ዓይኑን ወደ ፍጥነት መለኪያው ጣል አድርጎ ያነበበውን ቁጥር ያምናል፤ ማመኑም አያስወቅሰውም። ነገር ግን መኪናው አሮጌ ላንድሮቨር ከሆነና ዲፈረንሻሉ ተቀይሮ መለኪያው ሳይስተካከል ከቀረ፣ «40» ብሎ ያነበበው በእውነቱ 53 ሊሆን ይችላል። መርፌው አልተሰበረም፤ ገመዱም አልተበጠሰም። ሁሉም ነገር በደንብ እየሠራ ነው፤ ቁጥሩ ግን ሐሰት ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

የፍጥነት መለኪያ ፍጥነትን አይለካም ብንል ቀልድ ይመስላል። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ መሣሪያው የሚያውቀው ዙርን ብቻ ነው። እስቲ የከተማችንን ጋሪ እንውሰድ። በጎማው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረን ጨርቁ ስንት ጊዜ ወደ ላይ እንደ ወጣ እንቁጠር። ጎማው በአንድ ዙር 2 ሜትር የሚሄድ ከሆነ 500 ዙር ማለት 1 ኪሎ ሜትር ነው። ታዲያ ባለጋሪው በሌላ ቀን አንዱ ዙር 2 ሜትር ተኩል የሚሄድ ትልቅ ጎማ አስገባ እንበል። እኛ ወሬውን አልሰማንምና አሁንም 500 ስንቆጥር «1 ኪሎ ሜትር ሞላ» እንላለን። የተሄደው ግን 1,250 ሜትር ነው። ካላመናችሁ ፈረሱን ጠይቁት! ዙር እየቆጠሩ መንገድ መለካት አዲስ ነገርም አይደለም፤ የሮማው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከ2,000 ዓመት በፊት፣ ሠረገላ አንድ ማይል በሄደ ቁጥር አንዲት ጠጠር ወደ ሣጥን የምትወድቅበትን መሣሪያ በመጽሐፉ ገልጾት ነበር።

በአሮጌ መኪናዎች ውስጥ ያለው መለኪያ ኦቶ ሹልትሰ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበበት ዘዴ የሚሠራ ነው። ቀጭን ተጣጣፊ ገመድ በቱቦ ውስጥ እየተሽከረከረ መጥቶ ጫፉ ላይ ያለውን ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ ከአልሙኒየም በተሠራች ኩባያ መሳይ ነገር ውስጥ፣ ሳይነካት ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ከፊዚክስ ክፍል የመጣችሁ ትገረማላችሁ፤ ማግኔት አልሙኒየምን አይስብምና። ኩባያዋን የሚጎትታት መሳብ ሳይሆን፣ ማግኔቱ ሲሽከረከር በውስጧ የሚፈጠሩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጅረቶች ናቸው። ማግኔቱ በፈጠነ ቁጥር ጉተታው ይበረታል። በሌላ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሽቦ ኩባያዋን ወደ ኋላ ትይዛታለች። መርፌው የሚቆመው ሁለቱ ጉተታዎች እኩል በሆኑበት ቦታ ነው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን በዚህ ውስጥ የለበትም፤ እሱ በዚያው ገመድ ላይ በጥርስ ተያይዞ በቀጥታ የሚዞር ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ «ገመዱ ዙሩን የሚቀበለው ከየት ነው?» የሚለው ነው። መልሱ በየመኪናው ይለያያል። ቮልስን እንመልከት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥት ሲወጡ ከተሳፈሩባት በኋላ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የገባችው ያቺው ቮልስ ማለቴ ነው። የቮልስ የፍጥነት መለኪያ ገመድ የሚነሳው ከፊት ከግራው ጎማ መካከል ነው። ስለዚህ ሞተሯን ቢቀይሩት፣ ካምቢዮዋን ቢቀይሩት መለኪያው ደንታ የለውም። የፊት ጎማዋን መጠን ከቀየሩ ግን ወዲያው ይሳሳታል። የኋላውን ጎማ ብቻ ትልቅ ያደረገ ሰው «መርፌዬ ለምን አልተነካም?» ብሎ ቢደነቅ መልሱ ይኸው ነው።

ላንድሮቨር ግን ሌላ ነው። በአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች ገመዱ ዙሩን የሚወስደው ከረዳት ካምቢዮው በስተኋላ፣ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል ከሚያስተላልፈው ዘንግ ነው። ዘንጉ ከጎማው ጋር እኩል አይዞርም፤ በመካከል ዲፈረንሻሉ አለ። በእነዚህ መኪናዎች የፋብሪካው ዲፈረንሻል ቁጥር 4.7 ነው፤ ይኸውም ጎማው 10 ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ 47 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ ይህን አውጥተው ከሬንጅሮቨር ወይም ከኋለኞቹ ላንድሮቨሮች የተገኘውን ባለ 3.54 ያስገባሉ። ምክንያታቸው መጥፎ አይደለም፤ ሞተሩ በረጅም አስፋልት ላይ መጮኹን ይቀንሳል። አሁን ግን ለዚያው 10 የጎማ ዙር ዘንጉ የሚዞረው 35.4 ጊዜ ብቻ ነው። ገመዱ ይህን ለውጥ ማን ነግሮት! የሚደርሰው ዙር ስላነሰ «መኪናው ዘገመ» ብሎ ያሳያል። 3.54ን ለ4.7 ስናካፍል 0.75 ያህል ይሆናል። መርፌው ከእውነቱ ሦስት አራተኛውን ብቻ እያሳየ ነው፤ 60 ሲል መኪናው 80 ይሄዳል።

ጉዳቱን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። ፍጥነቱ 4/3 ጊዜ ሲያድግ ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው 4/3 ጊዜ ብቻ አይደለም፤ 4/3 በ4/3 ተባዝቶ 16/9፣ ማለትም 1.78 ጊዜ ያህል ነው። አሮጌው ላንድሮቨር ደግሞ አራቱም ጎማው የታምቡር ፍሬን ነው፤ ታምቡር በረጅም ቁልቁለት ሲግል መያዙ ይደክማል። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። በ3.54 ዲፈረንሻል በዚያው ማርሽና በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ከበፊቱ ባነሰ ዙር ስለሚሄድ፣ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ይዞ የማስቀረት አቅሙም ይቀንሳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ «ሁልጊዜ በሦስተኛ ማርሽ ነበር የምወርደው» የሚል ሾፌር መኪናው ያው የድሮው መስሎት ይሳሳታል። በእኔ አስተያየት ዲፈረንሻል የቀየረ መካኒክ መለኪያውን ሳያስተካክል ቁልፍ ማስረከብ አልነበረበትም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ነገሩ ታስቦበታል። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው የተሽከርካሪዎች ደንብ ቁጥር 39 መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ በጥቂቱ ቢያሳይ ይፈቅዳል፤ ከእውነቱ በታች ማሳየት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው። መኪናው በእውነት 80 እየሄደ ከሆነ መርፌው እስከ 92 ሊል ይችላል፤ 79 ማለት ግን አይችልም። የእኛ ላንድሮቨር 60 እያለ ነው!

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይሳሳታል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ መኪና ደርሶ ሲቆም 98 ብቻ ይቆጥራል። በመንገዱ 20 ሊትር ቤንዚን ቢጨርስ እውነቱ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ባለቤቱ ግን በቆጣሪው ሲያሰላ 4.9 ያገኛል። «ይህ ሞተር ነዳጅ ጠጣብኝ!» ብሎ ካርቡራቶር ያስፈታል፤ ምንም ያልነበረበት ካርቡራቶር በዚያው ይበላሻል። ዘይትም «በ5,000 እቀይራለሁ» ሲል ከ6,600 በላይ ሄዶ ነው የሚቀይረው።

ስሕተት መኖሩን ለማወቅ ብልሃቱ ቀላል ነው። የኪሎ ሜትር ምልክት የተተከለበት ቀጥ ያለ አስፋልት ፈልጉ። ሾፌሩ መርፌውን 60 ላይ ያቁም፤ ሰዓት የሚይዘው ሌላ ሰው ይሁን። ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው 60 ሴኮንድ ከፈጀ መለኪያው ትክክል ነው። 45 ሴኮንድ ከፈጀ 3,600ን ለ45 አካፍሉ፤ 80 ይመጣል። ዛሬ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ጂፒኤስም ይህንኑ ይነግራል፤ ነገር ግን ለተማሪ ማስተማሪያነት ሰዓቱና ማካፈሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ መፍረድ ግን አይገባም። በ30ም፣ በ45ም፣ በ60ም ይለካ። እውነቱ 40፣ 60፣ 80 ሆኖ ከተገኘ ስሕተቱ ሁልጊዜ በዚያው እጅ ነው፤ ጥፋቱ ከጥርስ ወይም ከጎማ መጠን መጥቷል። እውነቱ 40፣ 55፣ 70 ሆኖ ከተገኘ ግን በሁሉም ላይ እኩል 10 ነው የጎደለው፤ ዲፈረንሻሉን አትክሰሱ፣ መርፌው ከቦታው ተንሸራቷል። ማባዛትንና መደመርን ለይቶ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ጎማም ከተቀየረ ሁለቱን ለውጦች አንድ ላይ ማስላት ይቻላል። መርፌው ያሳየውን በአዲሱ ጎማ ዙሪያ አባዝቶ በአሮጌው ማካፈል፤ ከዚያ በአሮጌው ዲፈረንሻል ቁጥር አባዝቶ በአዲሱ ማካፈል ነው። ጎማው ሲያድግ መርፌው ዝቅ ይላል፤ የዲፈረንሻሉ ቁጥር ሲያድግ ግን መርፌው ከፍ ይላል። ብዙ ሰው የሚገለብጠው እዚህ ላይ ነው። የጎማውን ዙሪያ ለማግኘት ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ መኪናውን ጭነቱን እንደ ያዘ አንድ ዙር መግፋትና በመሬት ላይ መለካት ነው። የጎማ ማለቅ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው፤ ከ2 በመቶ እምብዛም አይበልጥም፤ እሱም መርፌውን ወደ ላይ ስለሚያደርገው አያስፈራም።

ወደ ጥገናው እንምጣ። በቅድሚያ መለኪያውን ተመልከቱ፤ በብዙዎቹ የእንግሊዝ ሥራ መለኪያዎች ገጽ ላይ በደቃቅ የተጻፈ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ገመዱ በአንድ ማይል ወይም በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ይናገራል። በኪሎ ሜትር 1,000 ቢል በ20 ሜትር 20 ዙር ማለት ነው። ገመዱን ከመለኪያው ፍቱና ጫፉ ላይ የወረቀት ባንዲራ ለጥፉ፤ መኪናውን በሜዳ ላይ 20 ሜትር ግፉና ባንዲራው ስንት እንደ ዞረ ቁጠሩ። 15 ከሆነ የጎደለው ተገኘ፤ ገመዱ 20/15፣ ማለትም 4/3 ጊዜ መፍጠን አለበት። (መግፋት ሰልችቷችሁ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንስታችሁ ብታዞሩ ስሌቱ ይበላሻል፤ በዲፈረንሻሉ ጠባይ አንዱ ጎማ ሲቆም ሌላው እጥፍ ይዞራልና።)

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው መፍትሔ ገመዱን የሚያዞረውን ትንሽ ጥርሳም መዘውር መለወጥ ነው። ገመዱ ላይ ያለው 20 ጥርስ ከነበረው 15 ይሆናል፤ ጥርስ ሲያንስ ዙር ይበዛል። ይህን ያህል ልዩነት ያለው መዘውር ግን በቦታው ላይ ላይገጥም ይችላል። ያን ጊዜ በገመዱ መካከል የሚገባ ትንሽ የጥርስ ሣጥን አለ፤ የቶርኖ ባለሙያ 4 ለ3 የሆነ ማዘጋጀት አያቅተውም።

አንዳንድ ሰዓት ሠሪዎች መለኪያውን ከፍተው ጥምዟን ሽቦ ወይም ማግኔቱን በመነካካት መርፌውን ያስተካክላሉ። ሥራው ደህና ነው፤ ነገር ግን ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። መርፌው ከማግኔቱ ነው፤ ቆጣሪው ከጥርሱ። መርፌው እውነት መናገር ሲጀምር ቆጣሪው ያው በሐሰቱ ይቀጥላል፤ የዘይቱም የነዳጁም ሂሳብ እንደ ተሳሳተ ይቀራል። ገመድ የሌላቸው አዳዲስ መኪናዎች በኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚቆጥሩ በእነሱ ላይ የሚቀየረው ቁጥር ብቻ ነው።

ገንዘቡም ዕቃውም እስኪገኝ ድረስ ሾፌሩ ባዶ እጁን መቀመጥ የለበትም። ትንሽ ካርቶን ቆርጦ ከመለኪያው አጠገብ ይለጥፍ፤ በላዩም «30 ሲል 40፣ 45 ሲል 60፣ 60 ሲል 80» ብሎ በወፍራሙ ይጻፍበት። ከሥሩ ዲፈረንሻሉ የተቀየረበትን ቀንና በዚያን ዕለት ቆጣሪው ላይ የነበረውን ቁጥር ይጨምርበት፤ መኪናውን ነገ የሚገዛው ሰው ከየት ጀምሮ በ4/3 ማባዛት እንዳለበት የሚያውቀው በዚያ ነው።