እሳትን እንዲከላከል የተሠራው ኬሚካል ወንዝ ሲገባ

ቦርደዴ፦ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው ቦርደዴ ዙሪያ፣ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ ሆነው የሚታዩ ወንዞች በከፍታው ላይ ዝናብ ሲጥል በአንድ ሌሊት ይሞላሉ። ጎርፉም በመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል። የተሰባበረ ቴሌቪዥን፣ የተቃጠለ ሽቦ አመድ ወይም የተቀደደ ስፖንጅ በወንዙ ዳር ተጥሎ ከነበረ አብሮ ይሄዳል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ቆሻሻው የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይን የማያየው ክፍሉ በደለሉ ውስጥ ይቀራል።

ይህ ዓይን የማያየው ነገር እሳት ተከላካይ ኬሚካል ይባላል። ፕላስቲክና ስፖንጅ በቀላሉ የሚቀጣጠሉ በመሆናቸው፣ አምራቾች እሳት ቶሎ እንዳይዛቸው የሚያደርጉ ውህዶችን ይጨምሩባቸዋል። የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ሽፋን፣ የመኪና ወንበር፣ አንዳንድ የሽቦ ልባስና የቤት ዕቃ ስፖንጅ እነዚህን ኬሚካሎች ሊይዙ ይችላሉ። ለብዙ ዓመታት በስፋት ካገለገሉት መካከል ብሮሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የያዙት፣ በሳይንሳዊ ስማቸው ፖሊብሮሚኔትድ ዳይፊኒል ኢተር የሚባሉት ይገኙበታል።

ወደ ውኃ የሚደርሱት እንዴት ነው?

እነዚህ ኬሚካሎች ከፕላስቲኩ ጋር ተደባለቁ እንጂ በኬሚካዊ ትስስር አልተጣመሩም። በመሆኑም ዕቃው ሲያረጅ፣ ሲሰባበርና ሲፈጭ ከአቧራ ጋር ይወጣሉ። በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሙ ከደለል ጋር ተጣብቀው በኩሬና በወንዝ ግርጌ ይቀመጣሉ። በስብ ውስጥ ግን በቀላሉ ይሟሟሉ። በጭቃው ውስጥ የሚኖሩ ትላትሎች ይመገቧቸዋል፤ ትላትሎቹን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ደግሞ ትልቁ ይበላል። በየደረጃው ክምችቱ እየጨመረ ይሄዳል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊድን ተመራማሪዎች፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ባሉበት በቪስካን ወንዝ ውስጥ በሚኖሩ ዓሦች ላይ እነዚህን ኬሚካሎች ማግኘታቸውን ይፋ አድርገዋል።

በውኃ እንስሳት ላይ ምን ያደርሳሉ?

ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ እንደ መርዝ ወዲያውኑ የሚገድል አይደለም። ኬሚካሎቹ በቅርጻቸው የታይሮይድ ዕጢ ከሚያመነጨው ሆርሞን ጋር ስለሚመሳሰሉ ሥራውን ያዛባሉ። ይህ ዕጢ በአዮዲን እጥረት ምክንያት ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ነው። ጅራት ያለው የእንቁራሪት ግልገል እግር አውጥቶ ወደ የብስ የሚወጣው በዚሁ ሆርሞን ትእዛዝ ነው። በቤተ ሙከራ ለኬሚካሎቹ የተጋለጡ ግልገሎች ለውጣቸው ዘግይቶ ታይቷል። ውኃው ቶሎ በሚደርቅበት እንደ እኛ ባለ ቆላ፣ የዘገየ ግልገል ኩሬው ሲደርቅ በዚያው ይቀራል። በዓሦችም ላይ የሆርሞኑ መጠን መቀነሱ በሙከራ ተረጋግጧል። እንቁራሪት ነፍሳትን የምትመገብ በመሆኗ የእርሷ መመናመን ለአርሶ አደሩም ጉዳት ነው።

በሀገራችን ተመሳሳይ ጉዞ የታየው በፀረ ተባይ ኬሚካሎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ባለው የቆቃ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት መኖሩን አሳይቷል። የዓሣው የስብ መጠንና በምግብ ሰንሰለት ውስጥ ያለው ስፍራ ለክምችቱ ወሳኝ መሆናቸውንም መርምሯል። ዲዲቲና እሳት ተከላካዮቹ የተለያዩ ቢሆኑም ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ሳይፈርሱ ይቆያሉ፤ ሁለቱም በስብ ውስጥ ይከማቻሉ።

ለከብት አርቢው የሚበጅ ትምህርት ከአሜሪካዋ ሚሺጋን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1973 ብሮሚን ያለው እሳት ተከላካይ ዱቄት በስህተት ከከብት መኖ ጋር ተቀላቀለ። በዚህም ምክንያት ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ከብቶችና 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች እንዲወገዱ ተደርጓል። ወተቱን፣ ሥጋውንና እንቁላሉን የተመገበው ሕዝብም ተጋልጧል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ከእነዚህ ኬሚካሎች ዋና ዋናዎቹ ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2017 እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል የተሠሩት ዕቃዎች ዛሬም በየቤቱና በየጥገና ሱቁ ይገኛሉ። ስለዚህ የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ጠቃሚ ናቸው።

አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃና ስፖንጅ በወንዝ ዳር፣ በቦይ ወይም በኩሬ አጠገብ አለመጣል ይገባል። ለመዳብ ሲባል ሽቦ ማቃጠል ደግሞ የባሰ ነው፤ ብሮሚን ያለበት ፕላስቲክ ሲቃጠል ዳይኦክሲን ከሚባሉት ጋር የሚመሳሰሉ መርዛማ ውህዶችን ያመነጫል። ሽቦን በቢላ መላጥ ከማቃጠል ይሻላል። ከእንዲህ ያለ ቃጠሎ የተረፈን አመድ በጓሮ አትክልት ላይ መበተንም ሆነ ማሽላ ከነቀዝ ለመጠበቅ መጠቀም አይገባም። ውኃ ማፍላት ጀርምን ይገድላል እንጂ እነዚህን ኬሚካሎች አያጠፋም። የከተማ አስተዳደሮችም ለአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ከጎርፍ መንገድ የራቀ፣ ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ቢያዘጋጁ ነዋሪው የሚጥልበት ስፍራ ያገኛል።

ጥንቃቄው ውጤት እንደሚያመጣ ስዊድን ምስክር ናት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ሲጨምር የቆየው የእነዚህ ኬሚካሎች መጠን፣ አጠቃቀማቸው ከተቀነሰ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ መውረድ ጀምሯል። በደለል ውስጥ የገባውን መልሶ ማውጣት ግን እጅግ አዳጋች ነው። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት፣ ዕቃው ገና በእጃችን ሳለ ነው።