ስምንት ጥይትና አንድ «ፒንግ»

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት በቪዲዮ ጌም የተዋጋ ሰው ኤም ዋን ጋራንድ የተባለውን ጠመንጃ በድምፁ ያውቀዋል። ስምንተኛው ጥይት ሲተኮስ ጥይቶቹን አቅፎ የያዘው ቆርቆሮ «ፒንግ» ብሎ ተፈናጥሮ ይወጣል።

ጠመንጃውን የሠራው በአሜሪካው የስፕሪንግፊልድ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው የካናዳ ተወላጅ ጆን ጋራንድ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1936 ተቀበለው። የጀርመንና የጃፓን እግረኛ በአብዛኛው ከአንዱ ጥይት ወደ ሌላው በእጁ እያቀባበለ ሲተኩስ፣ ጋራንድ በባሩዱ ጋዝ ራሱን ያቀባብላል፤ የተኳሹ ሥራ ማነጣጠርና ቃታ መሳብ ነው። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ይዘውት ተዋግተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ሜዳል ኦፍ ኦነር፦ አላይድ አሶልት» እና በዓመቱ የተከተለው «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» የተባሉት ጌሞች በዚህ ጠመንጃ ላይ ጥብቅ ሕግ አወጡ፦ ስምንቱ ጥይት ሳያልቅ ሌላ ማጉረስ አይቻልም። ሕጉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጥይቶቹ የሚገቡት በአንድ ማቀፊያ ታቅፈው ስለሆነ የጎደለውን በነጠላ መሙላት አስቸጋሪ ነው። ግን እውነተኛው ወታደር ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ፣ በጎን ያለውን መልቀቂያ ተጭኖ የተጋመሰውን ማቀፊያ ማውጣት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ወርልድ አት ዋር» ይህን ፈቀደ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የድሮው ይሻላል። ሁለት ጥይት ይዞ በር ላይ የቆመ ተጫዋች፣ ወይ በሁለቱ ተማምኖ ይገባል ወይ ግድግዳ ላይ ጨርሷቸው አዲስ ያጎርሳል። ጋራንድም በተፈለገ ጊዜ የሚሞላ ከሆነ ከክላሽ በምን ይለያል?

ጠላት ፒንጉን ሰምቶ፣ ጥይት ማለቁን አውቆ ከመደበቂያው ይዘላል የሚለው ወሬ ግን አያሳምነኝም። በዚያ ሁሉ ተኩስ መሐል ማን ይሰማዋል? ቢሰማስ፣ ከአጠገብ ያሉት ጓዶች ጠመንጃ መቼ ባዶ ሆነ?

ጌም የማያሳየው ሌላም አለ፦ አራት ኪሎ ከምናምን የሚመዝነውን ብረት ተሸክሞ መሮጥና ማቀፊያውን ሲከቱ በድንገት ወደፊት ተስፈንጥሮ አውራ ጣት የሚቀጠቅጠው መዝጊያ ተጫዋቹን አይነኩትም። የጠመንጃው ኃይልም ተቀንሷል። አጋዘን የሚጥለው ጥይት በጨዋታው ብዙ ጊዜ ሁለቴ መምታት አለበት፤ በአንዱ ቢጥል ኖሮ ሌላውን መሣሪያ የሚያነሳ አይገኝም ነበር።